ምዕራፍ አራት፦ ሳታውቅ የተበደረች ጓደኛ

አባቴ ያረፈው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተተክሏል። የዕድራችን ሰዎች አግዳሚውን ደርድረው፣ ድስትና በርሜሉን አውጥተው፣ የጎረቤት ሴቶች ንፍሮውን ጥደው ነበር። እኔ ከእናቴ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ሰው እቆጥራለሁ። አዎ፣ እቆጥር ነበር። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው አይቆጥርም የሚል ካለ፣ እሱ ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች መጡ። ስሟን የማላውቃት የእናቴ የማኅበር ጓደኛ መጣች። ሦስት ዓመት ያልተያየን የአክስቴ ልጅ ከአዳማ ገስግሶ ደረሰ።

እሷ አልመጣችም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ የነበረች፣ ልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት። ስልክ ደውላ «እግዜር ያጽናሽ» ብላለች፤ አልካድኩም። አርብ ቀብሩ ላይ ነበረች ያሉኝም አሉ፤ እኔ ግን አላየኋትም። ከቀብር መልስ ቤት አልመጣችም። ቅዳሜ ሣልስት ነው፤ አልመጣችም። ማታ ዕድርተኞቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።

የመጣችው በአሥረኛው ቀን ነው። በአንድ እጇ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር፣ በሌላው ሽርጥ የያዘ ፌስታል። በሩን ከፈትኩላትና «ይግቡ» አልኳት።

«ግቢ» አላልኩም፤ «ይግቡ» ነው ያልኩት። አማርኛ ለቁጣ ከሰጠን መሣሪያዎች ሁሉ ይህን የሚያክል ስለታም የለም። ሳትሳደብ፣ ድምፅህን ከፍ ሳታደርግ፣ እንዲያውም እያከበርክ የሃያ ዓመት ወዳጅህን ደጅ ታስቀራለህ። ገብቷታል፤ ፊቷ ተለወጠ። ሽርጧን አስራ ሳሎኑን ጠረገች፣ የተከመረውን ሲኒና ብርጭቆ አጠበች፣ ቡና አፈላች። ለጠየቀችኝ ሁሉ በአንድ በአንድ ቃል መለስኩላት። ስትሄድ በር ድረስ አልሸኘኋትም። ኩርፊያዬ ሰባት ወር ቆየ።

እንዴት እንዳበቃ በኋላ እነግራችኋለሁ። እርቁን ያስጀመረውን ነገር ብቻ አሁን ልበል። በሰባተኛው ወር፣ የጋራ ጓደኛችን ሁለታችንንም ሳታስጠነቅቅ ለቡና ጠርታን ፊት ለፊት ስንቀመጥ፣ «ለምን አልመጣሽም?» አልኳት። እንዲህ አለች፦ «እናቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ በሦስት ቀን መጥቶ በሦስት ቀን ሄደ። በአሥረኛው ቀን ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና የእናቴ ጫማ ነን። የዚያን ቀን ለራሴ ማልኩ። የምወደው ሰው ሲሞትበት የምሄደው ሰው ሲያልቅ ነው አልኩ።»

እኔ የሦስት ቀን ዕዳ ስቆጥርባት፣ እሷ የአሥረኛውን ቀን ከፍላ ሄዳለች።

፠

በእኛ አገር ለቅሶም ሠርግም ብድር ነው። «ብድሯን መለሰች» እንላለን፤ «ብድር በምድር» እንላለን። ቃሉ ትክክል ነው። ከሰው የምንጠብቀው ነገር በልባችን የያዝነው የብድር መዝገብ ነው። የእኔ መዝገብ ችግሩ አንድ ነበር፤ ተበዳሪዋ መበደሯን አታውቅም። መጠኑን አታውቅም፣ የመክፈያ ቀኑን አታውቅም፣ አልፈረመችም። ቀኑ ሲያልፍ ግን ከሳሽም ዳኛም እኔ ሆኜ ፈረድኩባት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ከጸሐፊው ተውሼ አነበብኩት። ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የተለበጠ ደብተር ነው። አባል ሲሞት ስንት፣ የአባል እናት ወይም አባት ሲሞት ስንት፣ ድንኳኑ ስንት ቀን ይቆማል፣ ድስቱን የሚመልሰው ማን ነው፣ የተሰበረ ብርጭቆ የማን ዕዳ ነው፣ ከቀብር የቀረ ስንት ይቀጣል፣ ታሞ ወይም ከከተማ ወጥቶ ከሆነ ለማን ያሳውቃል። ሁሉም በቁጥር ነው። ሰው በጣም በሚከፋበት በዚያ ሰዓት «የሰው ልብ ያውቀዋል» ብለው አልተዉትም። ጻፉት። ከቀብር የቀረ አባል ቅጣቱን ይከፍላል፤ ከከፈለ በኋላ ግን ማንም አይቀየመውም። (ዕድር ውስጥ ጠብ የለም ማለቴ አይደለም። የገንዘብ ያዥ ምርጫ ሲደርስ መጥታችሁ እዩ።)

እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ስማቸውን በወጉ የማላውቃቸው መቶ ሰዎች ምን እንደሚጠበቅባቸው በጽሑፍ ያውቃሉ። ከሰው ሁሉ የምቀርባት ሴት ግን ምንም የምታውቀው ነገር የለም። በቀረብን ቁጥር ብዙ እንጠብቃለን፤ በቀረብን ቁጥር ትንሽ እንናገራለን። «ልቤን ታውቀው የለ!»

፠

ከሰው የጠበቁት ሲቀር ለምን እንዲያ ያማል? ለነገሩ እኮ ያ ሰው ምንም አላደረገም። እሷ አልሰደበችኝም፣ ገንዘቤን አልወሰደችም። ያላደረገችው ነገር ነው ያመመኝ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ቮልፍራም ሹልትስ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ጥሩ መንደርደሪያ ነው። ሹልትስ የጦጣዎችን አንጎል ነበር የሚያጠናው። ጦጣዋ ሳትጠብቅ የጭማቂ ጠብታ ሲሰጣት፣ በመካከለኛው አንጎሏ ያሉት ዶፓሚን አመንጪ ሴሎች ይነቃቃሉ። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት ከታያት፣ ውሎ አድሮ ሴሎቹ የሚነቃቁት ምልክቱን ስታይ ይሆናል፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም ይላሉ፤ ተጠብቆ ነበራ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀርስ? ልክ ይመጣበት በነበረው ቅጽበት የሴሎቹ እንቅስቃሴ ከወትሮው በታች ይወርዳል። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልነጠቃትም። አንጎሏ ግን የተጠበቀውን እንደ ጎደለ አድርጎ መዘገበ፤ ሰዓቱን ሳይቀር።

ከጦጣ አንጎል ወደ ለቅሶ ቤት መዝለል ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። የሰው ቅያሜ ከጠብታ ጭማቂ እጅግ የተወሳሰበ ነው። ሆኖም «ሰዓቱን ሳይቀር» የሚለው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጓደኛዬ ስትቀር ያመመኝ በሣልስቱ ማታ ነው። በአሥረኛው ቀን የመጣችው ጓደኛ ለዚያ ሰዓት አልደረሰችለትም።

እንዲህ ከሆነ መፍትሔው አለመጠበቅ አይደለም ወይ? አክስቴ የመከረችኝ ይህንኑ ነው። «ልጄ፣ ከሰው ምንም አትጠብቂ፤ ከእግዚአብሔር ጠብቂ።» ብዙ ሰው በዚህ ይኖራል፣ ወይም የሚኖርበት ይመስለዋል። ምክሩ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ኬት ስዊኒ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና የወሰዱ 230 የሕግ ምሩቃንን፣ ውጤት በሚጠብቁባቸው 4 ወራት ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደጻፉት፣ ጭንቀታቸውን ለመቀነስ የሞከሩት ዘዴ ሁሉ እምብዛም አላቀለለላቸውም። ነገር ግን በጭንቀትና በክፉ ጥርጣሬ የከረሙት፣ ውጤቱ መጥፎ ሲሆን የተሻለ ተቋቁመውታል፤ ጥሩ ሲሆንም ደስታቸው በዝቷል። ተረጋግተው የከረሙት ናቸው በመጥፎ ዜና የተሰበሩት። ክፉውን መጠበቅ፣ እንግዲህ፣ ዋጋ አለው።

ለፈተና። ፈተና ፊትህን አያይም። ወድቄያለሁ ብለህ ብትጨነቅ ውጤትህ አይቀንስም። ሰው ግን ፊትህን ያያል። «መቼም አትመጣም» ብዬ ለወሰንኩባት ጓደኛ የማወራበት ድምፅ ሌላ ነው፤ የምደውልላት ቀን ይራራቃል፤ የምስቅላት ሳቅ ያጥራል። እሷም ያንን ሰምታ ትርቃለች። እኔም «ብዬ ነበር እኮ!» እላለሁ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ጀራልዲን ዳውኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ፍቅረኞችን ስለሚያጋጫቸው ጉዳይ እንዲነጋገሩ አድርገው ሲያዩ፣ መገፋትን አጥብቀው የሚፈሩት ሴቶች በንግግሩ መካከል ይከፉ፣ ይቆጡ ነበር፤ በመጨረሻ ወንዶቹም ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ተቆጥተው ተገኙ። ልብን ከመሰበር ለመጠበቅ የታጠረው አጥር ሰባሪውን ጎትቶ አመጣው።

የዚህ ተቃራኒ፣ «ሁሌም ጥሩውን ጠብቅ» የሚለው የማነቃቂያ ንግግርም አያዋጣም። ጄምስ መክነልቲና ቤንጃሚን ካርኒ 82 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን ለ4 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ብዙ መጠበቅ የጠቀመው ችግር ሲመጣ ተነጋግረው መፍታት ለሚችሉት ጥንዶች ነው። ይህን ለማይችሉት ብዙ መጠበቅ ፍቅራቸውን ቶሎ አወረደው። ስለዚህ «ስንት ልጠብቅ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። የጠበቅኩትን አውጥቼ መናገር እችላለሁ ወይ? ይህ ነው የሚቀድመው።

፠

«ነግሬያታለሁ እኮ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። በሰባቱ ወራት ያላሳየኋት ምልክት የለም። ቴሌግራም ላይ ለምትልክልኝ ረጅም መልእክት «ደህና» ብቻ እመልስላታለሁ። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት በባለቤቴ በኩል ነው ያስጠራኋት። በዓል ሲሆን የምልክላት ዳቦ ቀረ። እነዚህ ሁሉ በእኔ ጆሮ ጩኸት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ አንድ ቀላል ጨዋታ አዘጋጀች። አንዱ ሰው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ዜማ በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው ዘፈኑን ይለያል። መቺዎቹ ግማሹን ይለዩታል ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የታወቁት 3 ናቸው። በቤታችሁ ሞክሩት። አንድ የታወቀ ትዝታ በልባችሁ እያዜማችሁ ጠረጴዛውን ምቱ። ለእናንተ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ የዘፋኙ ድምፅ ሁሉ አለ። አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚሰማው ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ ነው።

ኩርፊያ ጠረጴዛ መምታት ነው። ዜማው የሚሰማው ለመቺው ብቻ ነው። ጓደኛዬ ከምቱ ምን ሰምታ ኖሯል መሰላችሁ? «ሐዘኑ ጠንቶባታል፤ ሰው ማየት አልፈለገችም» ብላ ነበር። ስለዚህ እንዳታስጨንቀኝ ራቅ አለች። እኔ «ነይ» እያልኩ ስመታ እሷ የሰማችው «ተዪኝ» የሚል ነው። እሺ ብላ ተወችኝ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ማንሳቱ የማይቀረውን ነገር ላንሳው፤ እኔም ለዓመታት ይዤው የኖርኩት ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። ተጠይቆ የመጣ ሰው ምኑ ደስ ይላል? «ሣልስት ላይ ነይልኝ» ብዬ ብትመጣ፣ የመጣችው በፍቅር ነው ወይስ በይሉኝታ? ዕድርተኛውም እኮ ቅጣት ፈርቶ ይመጣል። ጓደኝነት ደንብ ቢወጣለት ይሞታል። እውነት ነው።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ በዚያ ፍራሽ ላይ ሳለሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበር የምፈልገው። አንደኛው አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ትከሻዬን የምትይዝ ሰው ነው። ለዚህ ስልክ ማንሳት ይበቃ ነበር፤ ተጠርታ የመጣች ጓደኛም ትከሻ አላት። ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ሳልጠራት መጥታ ምን ያህል እንደምትወደኝ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ነው የፈለግኩት። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ካልጻፍኩት ምዕራፉ ውሸት ይሆናል። የቁጣዬ ግማሽ ያህሉ «ሚዜዋ እንኳን አልመጣችም» ይሉኛል የሚል ነበር። ይሉኝታ። የጓደኛዬን ፍቅር ለመለካት የጎረቤት ዓይን ተውሼ ነበር። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሊናገር አይችልም፤ ከተናገረ ማስረጃው ይበላሽበታል። ስለዚህ ዝም ብሎ ይፈትናል። ተፈታኟም ፈተና ላይ መቀመጧን አታውቅም።

አሁን ቅር ሲለኝ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ነገሩን ነው የፈለግኩት ወይስ ማስረጃውን? ነገሩን ከሆነ እናገራለሁ። ማስረጃውን ከሆነ... አንዳንዴ ያኔም አኮርፋለሁ። ሰው ነኝ።

፠

መናገር ግን የራሱ ፍርሃት አለው። የተናገረ ሰው እምቢ ሊባል ይችላል። ያልተናገረ ሰው ቢያንስ ክብሩ አልተነካም። ይህን ፍርሃት አያቶቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ሽምግልናን የመሰለ ነገር የሠሩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ሽማግሌ የተላከበትን ቤት አስቡት። ነጠላቸውን ያጣፉ ሦስት አዛውንቶች በር ላይ ቆመዋል። «ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ!» ይባላሉ። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ይላሉ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጓዳ ያለችው ልጅም ታውቃለች። ሊያገባት የፈለገው ልጅ ግን እዚያ የለም። የልጅቷ አባት «ደስ ይለናል፤ ዘመድ አዝማድ ጠይቀን፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን» ይልና ቀጠሮ ይሰጣል። እሺታው የሚዘገይ ከሆነ ቀጠሮው ይደጋገማል፤ እምቢታው ራሱ በቀጠሮ ተጠቅልሎ ይመጣል። እምቢ የተባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በዕድሜያቸው ስንት እምቢታ ችለዋል። ልጁ በማግስቱ የልጅቷን አባት መንገድ ላይ ሲያገኘው ሁለቱም ሰላም ተባብለው ማለፍ ይችላሉ። ጥያቄው ተጠይቋል፣ መልሱ ተመልሷል፣ ማንም ፊት ለፊት አልተዋረደም።

ድንቅ ነው። ለማን ነው ድንቅ? ለልጁ። ጓዳ የተቀመጠችውን ልጅ እምቢታ የሚሸከምላት ሽማግሌ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን ጠያቂም አልነበራት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ለወንዱ ግን 18 ነበር። ሁለቱም በ18 የተባለው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ ሽምግልናን እንደነበረ እንመልሰው አልልም። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ የሚላከው ሁለቱ ተስማምተው፣ አዳራሽ ሁሉ ተይዞ ነው፤ ሥርዓቱ ቀርቶ ወጉ ብቻ ነው ያለው። እኔ የምፈልገው ብልሃቱን ነው። ጥያቄው እምቢታን እንዲችል ተደርጎ ይሰፋ ነበር። ለመልስ ጊዜ ነበረው፤ እምቢ ለሚለውም የክብር መውጫ ነበረው።

ስልካችን ያፈረሰው ይህንን ነው። ድሮ ደብዳቤ የላከ ሰው መልስ ሲያጣ «አልደረሳት ይሆናል» ይላል። ይህ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ግን ያሳድራል። ዛሬ ሁለቷ ምልክት ትታያለች። «ሲን አድርጋ ዝም አለች» እንላለን፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የገባችበትን ሰዓት እያየን። አንዲት ጭረት ተጨመረችና የመጠራጠር ዕድላችን ተወሰደ። ምናልባት ልጇ ታሞባት ይሆናል፤ ምናልባት ረጅም መልስ ለመጻፍ አስባ ዘግይታለች። ምልክቷ ግን ይህን አትነግረንም።

የሽማግሌዎቹን ብልሃት መጀመሪያ የሞከርኩት ወንድሜ ላይ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እናታችን ለእኔ ቀረች። እሱ ከተማው ውስጥ ነው፣ መኪና አለው፣ አይመጣም። በስልክ ስንገናኝ «አንተ እኮ እናት የለህም!» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል ወይ ይቆጣል፤ እናታችን ጋ ግን አይሄድም። ከጓደኛዬ ጋር ከታረቅን በኋላ ደወልኩለትና እንዲህ አልኩት፦ «እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ምሳ እማዬ ጋ ተቀመጥልኝ። ካልተመቸህ እስከ ረቡዕ ንገረኝ፤ ሌላ ሰው አፈላልጋለሁ።» ሌላ ሰው የማፈላልገው የምሬን ነበር። የይስሙላ መውጫ ወዲያው ይታወቃል። ማክሰኞ ደወለ። በወር አራቱንም እሁድ አልችልም፣ ሁለቱን እችላለሁ አለ። ቅር አለኝ፤ አራት ነበር የጠበቅኩት። ግን የትኞቹ ሁለት እንደሆኑ አወቅኩ። በእነዚያ እሁዶች ምሳ እስኪደርስ ድረስ ተኛሁ። ከእሱ ስጠብቅ ከርሜ ያላገኘሁትን እንቅልፍ።

እሺ ማለቱ አስገርሞኝ ነበር፤ ሊያስገርመኝ ግን አይገባም። ፍራንክ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎችን «አምስት የማታውቋቸው ሰዎች መጠይቅ እንዲሞሉላችሁ ስንት ሰው መለመን ያለባችሁ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። 20 ገደማ አሉ። ወጥተው ሲለምኑ 10 ገደማ በቃቸው። ለምኖ የማያውቅ ሰው እምቢታን አብዝቶ ይቆጥራል። እምቢ የሚለውም ሰው እኮ ይጨንቀዋል፤ እኛ ይህን እንረሳለን።

፠

ሳይፈረም የተሰጠ ብድር ከሁሉ የሚከፋው ባሕር ሲሻገር ነው። ከሰፈራችን ወደ ሪያድና ወደ ቤይሩት የሄዱ ሴቶች ማታ ማታ አሠሪያቸው ሲተኛ በኢሞ ይደውላሉ። ወር በገባ ቁጥር ብር ይልካሉ። «ላክሁ» ይላሉ፤ በልባቸው «አስቀመጥሁ» ማለታቸው ነው። አምስት ዓመት ሠርተው ሲመለሱ ቤት፣ ቢያንስ ቦታ፣ ቢያንስ የባንክ ደብተር እንደሚጠብቃቸው ያስባሉ። ቤተሰብ «ላከች» ሲባል የሚሰማው «ረዳችን» ነው። በብሩ የአባት መድኃኒት ተገዝቷል፣ ታናሽ ወንድም ኮሌጅ ገብቷል፣ ጣሪያ ተቀይሯል። ማንም አልሰረቀም። ስትመለስ ግን የተሰረቀች ሴት ፊት ነው ያላት፤ እነሱም የተሰደበ ቤተሰብ ፊት አላቸው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ውል ነበር።

«ከምልከው ግማሹ የአባዬ፣ ግማሹ የእኔ ነው፤ በስሜ አስገቡልኝ» ማለት ደቂቃ አይፈጅም። «ወንድሜን ልቆጣጠረው እንዴ?» ትላለች። ያ ደቂቃ ግን ለብዙ ሴቶች ከአምስት ዓመት ሥራ ይከብዳል። ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ አብልጦ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍሉት ለመናገር አቅሙ ያነሳቸው ናቸው። በውጭ ያለችው ሴት አትናገሪ ያላት የለም፤ ግን ብትናገር «ገንዘቧን ቆጠረችብን» እንደምትባል ታውቃለች። ያን ስም ደግሞ ሳትመለስ ይሰጧታል፤ መከላከል በማትችልበት ርቀት። እንዲህ ላለች ሴት «ተናገሪ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ተቀባዩ ነው። ስልኩን ያነሳው ወንድም አንዴ «ይህ የእኛ ነው ወይስ የአንቺ?» ቢል ያ ከባድ ጥያቄ ከእሷ ትከሻ ይወርዳል።

፠

ባለፈው ጥቅምት የጓደኛዬ ወንድም ሞተ። ስልኩን ያነሳሁት ጫማዬን እያጠለቅኩ ነበር። መንገድ ላይ ቆም አልኩና ጠየቅኳት። «ስንተኛው ቀን ልምጣ?»

ዝም አለች። ከኋላዋ ሙሾ ይሰማል። ከዚያ እያለቀሰች ሳቅ የመሰለ ድምፅ አወጣች።

«ድስቱን ዛሬ ላኪልኝ፤ የዕድሩ አልበቃም» አለች። «አንቺ ሰው ሲያልቅ ነይ።»

ሁለት ድስት በባጃጅ ላክሁላት። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ ከሩቅ። ከቀብር መልስ ግን ቤቷ አልሄድኩም። ያስቸግራል፤ እግሬ ወደዚያ ይሄድብኛል። የሚያውቁን ሰዎች «ምነው?» ብለውኛል፤ አንዷማ አገጯን እየነካች ነው ያለችኝ። አሥረኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። ሽርጤን፣ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። «ግቢ» አለችኝ። ድስቶቹ ታጥበው በር ሥር ተደፍተዋል። አቦሉን ጠጣን። ኮሪደሩ ላይ የወንድሟ ጫማዎች እንደነበሩ ተደርድረዋል፤ አንዱን አንስታ ሶሉን ገልብጣ አየች።

«42 ነው» አለች። «ለማን ይሆናል?»

የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ አሰብን። እግሩ ይበልጣል። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ 42 የሚያደርገው ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመርን፤ ቶናው ገንፍሎ ከሰሉን እስኪያጠፋው ድረስ።